ያረጀው ቪትዝ ዋጋው ለምን አልወረደም?

‹‹ብረቱን›› የሚያደንቁና ባትሪውን የሚያሞግሱ የመኪና ወዳጆች ክርክር፣ በገበያው ሒሳብ ሲታይ

መኪና በብዙ አገር ከመሸጫው ወጥቶ አስፋልት ከነካበት ዕለት ጀምሮ ዋጋው ይቀንሳል። አውሮፓ ውስጥ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ሲሸጠው ከከፈለው ሲሶውን ወይም ግማሹን ቢያጣ እንደ ጉድ አይቆጥረውም። አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ኖሯል። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች፣ አንድ ሊትር ሞተር ያላት ቶዮታ ቪትዝ በየጉድጓዱ እየተንገጫገጨች፣ ሦስትና አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋግራ እንኳ በብር ሲታሰብ ከተገዛችበት በላይ ስታወጣ ቆይታለች። ባለቤቷ ስትነዳለት የኖረችውን መኪና በትርፍ ይሸጣታል።

ይህን የለመደ ገዢ ነው ዛሬ ከቻይና በሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ፊት ቆሞ የሚያመነታው። በየጋራዡ ደጃፍና በየቡና ቤቱ በረንዳ የመኪና ወዳጆች ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን የአሁን መኪና ላስቲክና ኮምፒዩተር ነው፣ ብረት ድሮ ቀረ ይላል። ሌላው ደግሞ ኤሌክትሪኩን አንዴ የነዳ ሰው ወደ ካምቢዮና ፍሪሲዮን አይመለስም ባይ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ክርክሩ ስለ ውበት፣ ስለ ጉልበትና ስለ ፍጥነት ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ መኪናው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ ልሽጠው ሲባልስ ማን ይገዛዋል የሚል ነው።

ግብር የሠራው ዋጋ

የቪትዝን ነገር ለመረዳት ከሞተሯ ይልቅ የግብሯን ታሪክ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል። ከውጭ በሚገባ አውቶሞቢል ላይ ግብሩ የሚጣለው አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ነው። በቅድሚያ መኪናው አገር ውስጥ እስኪገባ ባለው ዋጋ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይታሰባል። ኤክሳይዝ ታክስ የሚሰላው ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ነው። በእነዚህ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያርፋል። ከዚያም በጠቅላላው ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይከተላል።

ለምሳሌ ያህል አገር እስኪገባ 100 ብር የፈጀ መኪና ይወሰድና ቀረጡ ለረጅም ጊዜ በተሠራበት 35 በመቶ ይሰላ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ መሠረት እስከ 1,300 ሲ.ሲ. የሆነ ሞተር 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲ.ሲ. 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ የሆነ ደግሞ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ጥቃቅኑ ክፍያ ሁሉ ቀርቶ ትንሿ መኪና 222 ብር፣ ትልቁ ደግሞ 342 ብር ገደማ ሆነው ይወጣሉ። ቪትዝን የአዲስ አበባ መካከለኛ ነዋሪ መኪና ያደረጋት ይኸው ልዩነት ነው። ቶዮታ መኪናዋን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያወጣት ለከተማ ሰው ነዳጅ ቆጣቢ እንድትሆን አስቦ ነው፤ በአውሮፓ ያሪስ በሚል ስም ተሸጣ እ.ኤ.አ. የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላለች። እዚህ ግን ሽልማቷን የሰጣት የጉምሩክ ሠንጠረዥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የኤክሳይዝ አዋጅ ሁኔታውን ለወጠው። አዲስና እስከ 1,300 ሲ.ሲ. የሆነ መኪና ታክሱ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አለለት። ያገለገሉት ላይ ግን ዕድሜያቸውና የሞተራቸው መጠን በጨመረ ቁጥር ታክሱ ከፍ እያለ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በዚያው የ100 ብር ስሌት አዲሷ ትንሽ መኪና 179 ብር ስትሆን፣ የ500 በመቶው ጣሪያ ያረፈበት አሮጌ መኪና ከ1,020 ብር በላይ ይሆናል። በዚህ ዋጋ አሮጌ መኪና አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ አይኖርም።

የአዋጁ ሐሳብ አሮጌና በካይ መኪኖች መንገዱን እንዳያጥለቀልቁ ነበር። በወደብ በኩል ሐሳቡ ሠምሯል። በከተማው መንገድ ላይ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። ቀድመው የገቡት አሮጌዎች ተተኪ ስለሌላቸው ጡረታ መውጣት ተከለከሉ።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ሁሉ በዚያው አቅጣጫ የገፋ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው በተወሰነው 38 ዓይነት ዕቃዎች ውስጥ የግል አውቶሞቢሎች ተካተቱ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

እንግዲህ የአሮጌዋ ቪትዝ ዋጋ የመኪናዋ ዋጋ አልነበረም። ዛሬ እሷን የምትተካ ሌላ መኪና ለማስገባት ስንት ይጠይቃል ለሚለው የተሰጠ መልስ ነበር። ቪትዝ የያዘ ሰው ሳያውቀው በግማሽ ዶላር ይዞ ነበር ማለት ነው። ባንክ ውስጥ ያለ ብር በዋጋ ንረት ሲሸረሸር፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት 14 በመቶ ላይ ሲገደብ፣ ቤት ለመግዛት ገንዘቡ ያልደረሰለት ሰው ጥሪቱን በአራት ጎማ ላይ ማቆሙ የሚያስነቅፈው አልነበረም።

ይሁንና ማንኛውም ያረጀ መኪና እንዲህ ዋጋውን አልጠበቀም። እዚሁ አገር የተገጣጠሙትን ማየት ይበቃል። የሆላንድ ካር ‹‹አባይ››ና ‹‹ዶክ›› አዲስ ሆነው ሲወጡ ከአሮጌ ቶዮታ ይልቅ ምቾት ነበራቸው፤ ድርጅቱ ከገበያ ሲወጣ ግን ባለቤቶቻቸው መለዋወጫ ፍለጋ ተንከራተዋል። ሊፋንም በታክሲነት ጭምር በብዛት ታይቶ ሳለ እናት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 ቻይና ውስጥ በኪሳራ ሕግ ሥር ገብቷል። የቶዮታ ዕቃ ግን ሶማሌ ተራ ወርዶ ይገኛል፤ ኦሪጅናሉ ቢጠፋ ተመሳሳዩ፣ እሱም ቢጠፋ ከሌላ መኪና የተፈታው አለ። የዲኤክስ ኮሮላ ባለቤቶች ከአርባ ዓመት በኋላም ዋጋ የሚጠሩት በዚሁ ነው።

‹‹ብረቱ ወፍራም ነው››

የድሮ መኪና ወዳጆች ዋናው ምስክርነት ላሜራው ነው። በሩ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ፣ ኮፈኑ በጣት ሲንኳኳ የሚሰጠው ምላሽ፣ ፓራውልቱ ግንብ ቢነካ አለመሰበሩ ይነሣል። ላዳ፣ ቮልስና ዲኤክስ የሚወደሱበት ቋንቋ ይህ ነው። ፍቅሩ ከንቱ አይደለም። ላዳ በፊያት 124 ላይ ተመሥርታ ለሶቪየት መንገድ ስትሠራ የተጠናከረችው ለክፉ መንገድ ተብሎ ነው። ቮልስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ምርቷ እስኪያበቃ ድረስ በአንድ መፍቻና በአንድ ጠመንዛዣ የምትፈታ መኪና ነበረች። ባለቤቱ ራሱ ሊያውቃት ይችል ነበር።

ነገር ግን ወፍራም ብረት ተሳፋሪን ያድናል የሚለው በፈተና የወደቀ አስተያየት ነው። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር የ1959 ሸቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሸቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር። ግዙፉ አሮጌ መኪና ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ መሪው የሹፌሩን ቦታ ያዘ። የአዲሱ አፍንጫ ደግሞ ተጨማድዶ የተሳፋሪው ክፍል ደህና ወጣ። የዛሬ መኪና የሚጨማደደው እንዲጨማደድ ተብሎ ስለተሠራ ነው፤ የግጭቱን ኃይል ብረቱ ካልበላው ሰውየው ይበላዋል። ላሜራ የሚያቃና ባለሙያ ግን ይህን ንድፍ በሌላ ዓይን ቢያየው አይፈረድበትም። አንዴ የተጨማደደ አፍንጫ እንደ ድሮው ተቀጥቅጦ አይመለስም፤ ይቀየራል። ወጪው በዶላር ነው።

በስክሪን ጉዳይ ግን የነባሮቹ ቅሬታ አውሮፓም ሰሚ አግኝቷል። የአየር ማቀዝቀዣውን፣ መብራቱን፣ አንዳንዴም የዕቃ መሳቢያውን ሳይቀር በመሐል መስታወት ላይ በጣት እየነኩ መክፈት የሹፌሩን ዓይን ከመንገድ ያነሣል። የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት ፈታኝ ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻን፣ ጡሩምባን፣ የዝናብ መጥረጊያንና የአደጋ መብራትን የመሳሰሉት በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ካልኖራቸው አምስት ኮከብ ማግኘት እንዲከብድ አድርጓል። አዲስ አበባ ላይ ቅሬታው አንድ ነገር ይጨመርበታል። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ እጅ የመጣ መኪና ስክሪኑ በቻይንኛ ይናገራል።

ከፍታና ሞተር

የነባር ወዳጆች በቂ መልስ ያላገኙለት ነጥብ የጉልበት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ከብራንድ ይልቅ መልክዓ ምድሩ ይፈርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ ያህል ስስ ነው። ቤንዚን በአየር ስለሚነድ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። ጃፓን ውስጥ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ተብላ የተሸጠች ቪትዝ ፒያሳ ስትደርስ የምታወጣው ከ55 አይዘልም። እንጦጦ ስትወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አራት ሰው ጭና ሽቅብ ስትወጣ አንደኛ ማርሽ ላይ የምታለቅሰው ጥፋቱ የእሷ ስላልሆነ ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ከተማ ውስጥ በብዛት የሚታየው ፎልስዋገን አይዲ 4 ከ2,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቪትዝ 900 ኪሎ አትሞላም። ሆኖም ባለ 204 የፈረስ ጉልበቱ አይዲ 4 ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪ.ሜ. በሰዓት ለመድረስ ስምንት ሰከንድ ተኩል ያህል ይበቃዋል። ይህን ቁጥር ባሕር ዳርቻም አዲስ አበባም እኩል ይጠብቃል። እንጦጦን ሲወርድም ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ተለውጦ ከወጣበት ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑም ያን ያህል አይበላም። በዳገታማ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክን በነዳጅ ቁጠባ ብቻ የሚያሞግሱት ሻጮች ግን ብዙ ሲያነሡት አይሰማም።

ከፍታው ሒሳቡን ያስከፍላል። አዲስ አበባና አዳማ መካከል ከ600 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ። ሁለት ቶን ከነተሳፋሪው ያን ያህል ለማንሣት ከ4 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ይጠይቃል። ወደ አዳማ ሲወርድ ባትሪው ሞልቶ የተረፈው የመሰለው ሹፌር በመመለሻው የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው። በማስታወቂያ የሚነገረው ኪሎ ሜትርም በቻይና መለኪያ የተሰላ ስለሆነ ለሹፌሩ ደግ ነው። ለምሳሌ የቢዋይዲ ሲገል ትንሹ ባትሪ 30 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ 305 ኪ.ሜ. እንደሚሄድ ይነገርለታል። ያ ማለት ለ100 ኪ.ሜ. ከ10 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም የማይዘል ፍጆታ ነው፤ በፈጣን መንገድ ላይ ይህን የሚጠብቅ ገዢ ያዝናል።

ባትሪውና ሁለተኛው ገዢ

ዋጋውን በሚመለከት የኤሌክትሪክ መኪኖች አመጣጥ ከቪትዝ የተገላቢጦሽ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2022 በወሰነው መሠረት ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡ 15 በመቶ ሲሆን፣ ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረገ። በከፊል የተፈታው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ የሚመጣው ደግሞ ዜሮ ሆነ። ከላይ በተነሣው ስሌት 100 ብር የፈጀው መኪና በ115 ብር ያልፋል ማለት ነው። በቪትዝ ዋጋ ውስጥ ከግማሽ በላይ የነበረው ግብር እዚህ የለም።

ለገዢው ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለሀብት ማቆያነት ግን መጥፎ ዜና ነው። ቪትዝን የጠበቃት አጥር ኤሌክትሪኩን አይጠብቀውም። ነገ አዲስ ሞዴል በዚያው ዝቅተኛ ቀረጥ ሲገባ የዛሬው ይረክሳል። ቻይና ውስጥ ደግሞ አምራቾች ዋጋ ለመቀነስ ይሽቀዳደማሉ፤ ሲገል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 73,800 ዩዋን ብቻ ነበር። የብር መውረድ ይህን በከፊል ሊያካክሰው ይችላል። ሙሉ በሙሉ ያካክሰዋል ብሎ መኪና የሚገዛ ሰው ግን የሚገዛው መኪና ሳይሆን የምንዛሪ ግምት ነው።

ሁለተኛው ገዢ የሚፈራቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ባትሪ በዓመትና በሙላት ብዛት አቅሙ ይቀንሳል። አምራቾች በየአገሩ በተለምዶ ለስምንት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋስትናው ግን በወኪል በኩል ለተሸጠ መኪና እንጂ በዱባይ ወይም በቻይና ነጋዴ እጅ ዞሮ ለመጣ መኪና ላይከተል ይችላል። አይዲ 6 የሚሸጠው ለቻይና ገበያ ተብሎ ብቻ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ስላልተሸጠ የአውሮፓ መለዋወጫ ሻጭ አያውቀውም። ለቻይና የተሠሩት መኪኖች የመሙያ ሶኬታቸውም የቻይና ደረጃ በመሆኑ ከአውሮፓው ጋር ያለ አስማሚ አይገጥምም። የባትሪው ዓይነትም ይለያያል፤ ቢዋይዲ የሚጠቀምበት የብረት ፎስፌት ባትሪ ከኒኬሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ቢለቀቅ ይችላል። ቀለምና የወንበር ቆዳ የሚመርጥ ገዢ ስለዚህ ሳይጠይቅ ይከፍላል።

በአንጻሩ የቁጠባው ሒሳብ ቀልድ አይደለም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቶ ነበር። በዚያ ዋጋ ለ100 ኪ.ሜ. ሰባት ሊትር የምትጠጣ መኪና 710 ብር ትፈጃለች። ኤሌክትሪኩ ለዚያው ርቀት 16 ኪሎዋት ሰዓት ወስዶ እያንዳንዱ በ10 ብር ቢታሰብ እንኳ 160 ብር ነው። ልዩነቱ 550 ብር ይሆናል። በቀን 150 ኪ.ሜ. እየተንቀሳቀሰ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ የሜትር ታክሲ ሹፌር ከ247,000 ብር በላይ ይተርፈዋል። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ የሚውልና በዓመት 10,000 ኪ.ሜ. የሚነዳው ቤተሰብ ግን 55,000 ብር ብቻ ያተርፋል።

ስለዚህ ‹‹ኤሌክትሪክ ያዋጣል ወይ?›› ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚገኘው በሹፌሩ ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በዓመት 200,000 ብር ቢረክስ ታክሲው ከነዳጁ አውጥቶ ይከፍለዋል፤ ቤተሰቡ አይችለውም። ለእሱ አሮጌዋ ቪትዝ ወይም ኮሮላ፣ ዳገት ላይ ብታቃስትም፣ ዛሬም በሒሳብ የምትሸነፍ አይደለችም። የወዳጆቹ ክርክር የማያልቀው ሁለት የተለያየ ሒሳብ ያላቸው ሰዎች ስለ አንድ መኪና ስለሚነጋገሩ ጭምር ነው።

በደላላው በኩል የተቸገረው ልምዱ ነው። ቤንዚን መኪና ሲሸጥ ሞተሩ በጠዋት ሳይሞቅ ተነሥቶ ድምፁ ይደመጣል፤ የጭሱ ቀለም ይታያል፤ ‹‹ሞተሩ ያልተነካ፣ ቀለሙ የፋብሪካ›› ይባላል። በኤሌክትሪክ መኪና ኮፈኑን ቢከፍቱት የሚሰማ የለም። የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ የሚያነብ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ገዢ በድርድሩ ላይ ከሻጩም ከደላላውም ይበልጥ ያውቃል። መሣሪያው የሌለውም ቢሆን አንድ ርካሽ ፈተና አለው። ትልቁን ባትሪ የያዘ አይዲ 4 ከሆነ 100 በመቶ ተሞልቶ በልከኛ ፍጥነት አዳማ ደርሶ ይመለስ፤ 200 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ለመቶ ኪሎ ሜትር ከ18 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ፣ ቤት ሲደርስ የቀረው ከግማሽ ብዙም ሊያንስ አይገባም። ስክሪኑ 35 በመቶ ካሳየ ስለ ቀለሙ መነጋገሩ ቀርቶ ስለ ዋጋው እንደገና ይጀመራል።